ዜሮ ሰጠኋት፣ 43 መልስ መጣልኝ

ቅዳሜ ማታ ነው የለጠፍኩት። መብራት ሄዷል፤ ስልኬ ላይ የቀረችው ባትሪ ለአንድ ጽሑፍ ብቻ የምትበቃ ነበረች። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የከተማችን መምህራንና ወላጆች ኢንተርኔት ላይ የሚወያዩበት ቦታ አለ፤ እዚያ አነባለሁ እንጂ ብዙም አልጽፍም። የዚያን ቀን ግን ሆዴ አልችል አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለ34 ተማሪዎች አሳይመንት ሰጠሁ። በከተማችን ካለው ሥራ አንዱን ምረጡ፣ ሄዳችሁ እዩት፣ ሦስት ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፉበት አልኳቸው። ከ20 የሚያዝ ነው። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ተማሪ አለችኝ። ስጠይቃት አንገቷን ትደፋለች። ሚድ ላይ በጻፈችው አንቀጽ ውስጥ አንድ የተሟላ ዓረፍተ ነገር ፈልጌ አጥቻለሁ። አሳይመንቷ ግን እንደ ውሃ ይፈሳል። ኮማው በቦታው፣ ግሱ በጊዜው። የጻፈችው ስለ አሞራ ገደል የዓሳ ገበያ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አንቀጾች አንብቤ ተውኩት። ጽሑፍን ሰው ይጻፈው ኤአይ ለይተን እንናገራለን ከሚሉት፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ከሚገኙት የኤአይ መለያዎች አንዱ ውስጥ ከተትኩት፤ 87 በመቶ የማሽን ነው አለኝ። ዜሮ አልኳት።

ዓርብ ዕለት ቢሮ ድረስ መጥታ ቆመች። አልተከራከረችም። የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች፣ ሐሳቡ የራሷ እንደሆነ ብቻ ነገረችኝ። ሂጂ አልኳት፤ ሄደች። ያ የነጠላ ጫፍ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። እናም ጠየቅኩ። ልክ ነኝ ወይ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ነገሩ በዚህ ከቀጠለስ ፈተና ማለት ምን ማለት ነው?

እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ስልኬ በመልስ ተሞልቷል። የሰዉን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ግማሹ በሙሉ ስሙ ነው የጻፈው፣ ግማሹ ደግሞ ተናዶ ነው። ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ልንገራችሁ።

1ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ናቸው። እንደ ደንቡ ሰላምታ አስቀደሙ፤ እኔንም ቤተሰቤንም ጠየቁ። ከዚያ ነው ወደ ነገሩ የገቡት። ኩረጃ አዲስ አይደለም ይላሉ። በአጤሬራው ዘመን ያላዩት የለም። ጭን ላይ የተጻፈ፣ እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ የተጠቀለለ፣ ካልኩሌተር ክዳን ሥር የተለጠፈ። ከሁሉ ያልረሱት ግን ግራ ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ የመጣውን ልጅ ነው። ተሰብሬ ነው አለ፤ ሁሉም አዘነለት፤ ጥሩ ወንበር ተመረጠለት። በቀጣዩ ፈተና ፋሻው ወደ ቀኝ ክንዱ ዞሯል፤ ልጁ ግን የሚጽፈው በዚያው በቀኙ ነው። ፋሻውን ሲፈቱት ፎርሙላው ከውስጥ እንደ ጥልፍ ተደርድሯል። ለኮራጅ ዜሮ መስጠት ተገቢ ነው አሉኝ። እሳቸው ግን ፋሻውን ሳይፈቱ ዜሮ ሰጥተው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ፋሻ መፍታት የሁሉም መግባቢያ ሆነ።

2ኛው የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። የተጠቀምኩበት መለያ የቱ እንደሆነ ጠይቆ መልሴን ሳይጠብቅ ቀጠለ። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ ራሱ እንዲህ ያለ መለያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ አወጣው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ዘጋው። የዘጋው አልሠራልህ ስላለው ነው። በራሱ ሙከራ ማሽን ከጻፈው ውስጥ የለየው 26 በመቶውን ብቻ ነበር። ሰው ከጻፈው ውስጥ ደግሞ 9 በመቶውን የማሽን ነው ብሎ ፈርዷል። ሠሪው ያላመነውን መምህርት እንዴት አመኑት ብሎ በትሕትና ጨረሰ። አመሰግናለሁ ከማለት ሌላ የምለው አልነበረኝም።

3ኛው አንድ መስመር ነው። የጻፈችው እናት ናት። ከ34ቱ ጽሑፎች መለያው ውስጥ የከተትኩት ስንቱን እንደሆነ ጠየቀች። ሰላምታ የለ፣ ስድብ የለ። ዘለልኩት።

4ኛው ዜሮ ሲያንሳት ነው ባይ ነው። ኮሌጁ ሊያባርራትም ይገባል ብሎ ጨመረ። 5ኛው ለ4ኛው የራሱን ዲግሪ በምን መንገድ እንዳገኘ ጠየቀው። 6ኛው ራሱ 4ኛው ነው፤ ተመልሶ መጣ፣ አንተ ማለት ጀመረ። በዚያ የውይይት ቦታ ሰው ለሰው ቶሎ አንተ አይባባልም፤ አንዴ ከተባለ ደግሞ ወደ እርስዎ መመለሻ የለም።

7ኛው የከበደኝ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው። 2ኛው ያለውን ተቀብሎ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መለያዎችን ፈትነዋል። ያቀረቡላቸው ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የተጻፉ 91 ድርሰቶችን ነው፤ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች የጻፏቸው። መለያዎቹ በአማካይ 61 በመቶውን የማሽን ነው አሉ። አሜሪካውያን የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች የጻፉትን ግን ከሞላ ጎደል በትክክል የሰው ነው ብለዋል። ምክንያቱንም አስረዳ። መለያው የሚያየው ቀጣዩ ቃል ምን ያህል አስቀድሞ የሚገመት እንደሆነ ነው። ቋንቋን በክፍል ውስጥ የተማረ ሰው የሚያውቃትን ጥቂት ቃል ይደጋግማል፤ ዓረፍተ ነገሩንም መምህሩ ባሳየው መንገድ ይሠራል። ለመለያው ያ ማሽን ይመስለዋል። ስለዚህ በአማርኛ ወይም በሲዳሙ አፎ ያደገ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጽፍ ገና ከመነሻው ተጠርጣሪ ነው።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም እንግሊዝኛ የተማርኩት ክፍል ውስጥ ነው። ኢሜይሌን በርብሬ በ2006 የጻፍኩትን የሥራ ማመልከቻ አወጣሁና እዚያው መለያ ውስጥ ከተትኩት። 64 በመቶ የማሽን ነው አለኝ። ቻትጂፒቲ ከመወለዱ ዓመታት በፊት፣ አንድ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ በላብ የጻፍኩት ማመልከቻ ነው። ይህን 8ኛ መልስ አድርጌ ለጠፍኩት። 9ኛውና 10ኛው ሳቁብኝ። አንዱማ ሮቦት መሆኔን ባለቤቴ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀ።

11ኛው ለእኔ የውይይቱ ጨው ነው። ስሙን ሳይገልጽ የጻፈ ሰው ነው። ካምፓስ አጠገብ ባለ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ለዓመታት የመመረቂያ ጽሑፍ ሲሠራ ኖሯል። በየስልክ እንጨቱ የሚለጠፈውን፣ ሪሰርች እናማክራለን የሚለውን ታውቁታላችሁ። ማማከር ማለት መጻፍ ማለት ነው። መጠይቁንም የሚሞላው እሱ ነበር። አምስት ዓይነት እስክሪብቶ ይይዛል፤ አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ እጁ ይሞላል፤ ጥቂቱን ወረቀት ያጨማድዳል፣ ጥቂቱ ላይ ቡና ጠብ ያደርጋል። የመቶ ነጋዴ መልስ በሁለት ሌሊት ያልቃል። አሁን ደንበኛ የለውም። ተማሪው ራሱ ስልኩን ጠይቆ፣ ገልብጦ፣ ለፕሪንት ብቻ ይመጣል። የቀረችው ሥራ ኮከብ መልቀም ናት። ኤአይ የጻፈውን ሲገለብጡት ርዕሱ ዙሪያ ሁለት ሁለት ኮከብ ይዞ ይመጣል፤ እሷን አንድ በአንድ እያጠፋ በገጽ ይቀበላል። መጨረሻ ላይ ለመምህራን አንዲት ነገር ወረወረ። በዚያ ሁሉ ዓመት ከሠራው ጽሑፍ አንድም ተመልሶ አልመጣም፤ አብዛኛውም ኤ ነው ያገኘው። ያኔ ፋሻ የፈታ አልነበረም።

12ኛው ሌባ አለው። 13ኛው ሌባ ከተባለ ገዥውም ሌባ ነው አለ። 14ኛው አስተባባሪው ነው፤ ቋንቋችሁን ጠብቁ አለ፣ ማንም አልሰማውም።

15ኛው ዲግሪ ይዞ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። ከ2015 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል፤ ለማለፍ ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣት ያስፈልጋል። እሱ አልፏል። ከእሱ በላይ ሲጂፒኤ የነበረው የዶርም ጓደኛው ግን ወድቆ፣ ደግሞ ወድቆ፣ አሁን ግራ ገብቶታል። ከጓደኛው ነጥብ ውስጥ ምን ያህሉ በእነ 11ኛው እጅ የተሠራ እንደነበር ራሱ ጓደኛው ነግሮታል። ባጃጁ ውስጥ ሆኖ እየጻፈ ነበር መሰለኝ፣ ሰው መጣ ብሎ አቋረጠው።

16ኛው ጉዳዩን ወደ 12ኛ ክፍል ወሰደው። አገር አቀፍ ውጤቱ እንዲያ ያሽቆለቆለው በኤአይ ምክንያት ነው፣ ልጆቹ ማሰብ ትተዋል ብሎ ደመደመ። 17ኛዋ የታሪክ መምህርት ናት፤ አልማረችውም። ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው የተፈተኑት በጥቅምት 2015 ነው። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የተለቀቀው ኅዳር 21 ቀን 2015 ነው። ማሽኑ ሳይኖር ነው ልጆቹ የወደቁት። ከዚያ ወዲያ ያለውንም ደረደረችለት፤ በ2015 መጨረሻ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ማሽኑ በየስልኩ በገባበት ጊዜ ውጤቱ እንኳን ሊወርድ ጥቂት ጥቂት ጨምሯል። የተለወጠው የፈተናው ቦታ ነው አለች። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ጠቅላላ ፈተናው በሌላ ጊዜ የተሰጠውን አስታወሰችው። ከዚያ በፊት ስንት ዓመት በራሳችን ትምህርት ቤት፣ በራሳችን መምህር ፊት ስንፈተን የነበረውን ኩረጃ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። 16ኛው ዳግም አልታየም።

18ኛዋ እንዲያ ተጓጉዘው ከተፈተኑት አንዷ ናት። አንሶላና ብርድ ልብስ ተሸክማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቷ ውጭ ያደረችበት ሳምንት ነበር። በር ላይ ፀጉሯን ሳይቀር ተፈትሻለች። ያስለቀሳት ግን ፍተሻው አይደለም። ሒሳቡን ስትከፍተው፣ አራት ዓመት ሙሉ ጥሩ ውጤት ያገኘችበት ትምህርት ውስጥ የምታውቀው ምንም እንደሌለ ገባት። ክፍል ውስጥ ሁሌም ከአጠገቧ ቀለሜ ነበር። እዚያ ግን ከአጠገቧ የተቀመጠችው የማታውቃት ልጅ ናት፤ እሷም ታለቅሳለች።

19ኛው የቻይናን አመጣ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በጋኦካኦ፣ ማለት በእነሱ የ12ኛ ክፍል ፈተና፣ ከ13 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ሲቀመጥ ትልልቆቹ የኤአይ ድርጅቶች በፈተናው ሰዓት ፎቶ አንስቶ መልስ የመጠየቂያውን አገልግሎት ዘጉት። እኛም እንዲህ እናድርግ ባይ ነው። 20ኛው በምሬት መለሰለት። እኛማ በ2009 አገሩን ሙሉ ኢንተርኔት ዘግተን አይተነዋል፤ ያኔ ሥራዬ ሁሉ ቆሞ ነበር አለ። ሥራው ምን እንደሆነ ግን አልተናገረም።

21ኛው በቀጥታ እኔን ነው። እስከዚያ መምህርት ስባል ቆይቼ እዚህ ላይ አንቺ ሆንኩ። ተማሪ ነው። መምህራን ኖቱን በኤአይ ታወጣላችሁ፣ ጥያቄውን በኤአይ ታወጣላችሁ፣ እኛ ስንጠቀም ወንጀል ይሆናል ነው የሚለው። አንድ መምህር ያደለው ሃንድአውት ላይ፣ ማሽኑ ለመምህሩ የጻፈው የትሕትና መግቢያ ሳይነሳ ታትሞ ክፍሉ በሙሉ አይቶታል። ከዚያ እኔን ጠየቀኝ፤ የሚዱን ጥያቄ በራስሽ ነው ያወጣሽው?

ሚዱን ያወጣሁት በቻትጂፒቲ ነው። ሁሉንም አይደለም፤ ምርጫውን ብቻ። 22ኛ መልስ አድርጌ ይህንኑ ጻፍኩ። የባሰ ስድብ ጠብቄ ነበር፣ ልጁ ግን ዝም አለ።

23ኛው ያ የዩኒቨርሲቲው ሰው ነው፤ ነገሩን ሊያበርድ የመጣ ይመስላል። እንግሊዝ አገር ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪዎች በ33 የሌሉ ተማሪዎች ስም፣ በኤአይ የተጻፈ የፈተና መልስ በድብቅ አስገብተው ነበር። አራሚዎቹ 94 በመቶውን አልጠረጠሩም። እነዚያ የሌሉ ተማሪዎች በአማካይ ከእውነተኞቹ የተሻለ ውጤት አመጡ። ይህ እ.ኤ.አ. በ2024 ወጥቶ የተነበበ ጥናት ነው። የሰውም ዓይን አያይም፣ መለያውም አያይም፤ ታዲያ ምን እናድርግ ብሎ ለሁሉም ተወው።

ማንም አልመለሰለትም፤ 24ኛው ዓሳ ይዞ ገባ።

አሞራ ገደል ዓሳ የሚነግድ ሰው ነው፤ ልጁ ኮሌጅ ይማርለታል። ስለ ኤአይ የሚያውቀው የለም፣ ግን ስለ ዓሳ ይጠየቅ። ያቺ ተማሪ ስለ ገበያው ከጻፈች የትኛውን ዓሳ ነው የጠራችው አለኝ። እዚያ ያለው ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ ነው። እነዚህን ካልጠራች አልሄደችም። ከጠራች ደግሞ ስለ ቢላው ምን እንዳለች ይይልኝ፤ ቢላውን ያላየ ሰው ገበያውን አላየም።

25ኛው ቢልጫ አጥንቱ ይበዛል አለ። 26ኛው አጥንቱን የሚፈራ ሾርባውን ይጠጣ አለ። 27ኛዋ ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳ ስላላት የት ቢበላ እንደሚሻለው ጠየቀች። ከዚያ እስከ 29ኛው ድረስ ለብለብና ጉላሽ ነው፣ አንዱ የሚጥሚጣውን መጠን ሳይቀር ጽፏል። አስተባባሪው ዝም አለ፤ ምናልባት እሱም ርቦታል። እኔ ግን 24ኛው ላይ ቀርቻለሁ። ጽሑፏን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም ነበር፤ ኮሌጅ ነው ያለው።

30ኛው የአብነት ተማሪ የነበሩ አባት ናቸው። ቅኔ ቤት ውስጥ ኩረጃ እንዴት እንደሚከብድ ተረኩ። ተማሪው ቀኑን ለብቻው ዞር ብሎ ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። ማታ የኔታ ፊት ቆሞ ይናገራል። የኔታ እዚያው ያርማሉ፣ ሰሙን ከወርቁ ለይ ይላሉ። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የቀረበ ሰሙ ላይ ቢያልፍ ወርቁ ላይ ይወድቃል። ነገም አዲስ ቅኔ ይጠበቅበታል። 31ኛው ታዲያ ቅኔ ዘረፈ የሚባለው ለምንድን ነው ብሎ ቀለደ። አባታችን ቀልዱን ወደዱት።

32ኛዋ ጤና ኮሌጅ የምታስተምር ናት፤ የአባታችንን ሐሳብ ወደ ዛሬ አመጣችው። አሳይመንት ስትቀበል ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ትሰጣለች። ከራሱ ወረቀት አንድ ዓረፍተ ነገር ታነብለትና ምን ማለትህ ነው ትላለች። 33ኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ሒሳቡን ሠራላት። ሦስት ክፍል አለው፣ በእያንዳንዱ 70 ተማሪ። 210 ሰው በአምስት ደቂቃ 17 ሰዓት ተኩል ነው። ደመወዙንም ጠቀሰ፣ እሱን እዚህ አልደግመውም። 34ኛው ዕጣ ይጣል አለ። ሁሉም አይጠየቅም፤ ግን ማን እንደሚጠየቅ ማንም ስለማያውቅ ሁሉም አንብቦ ይመጣል። ይቺ ጥሩ ናት። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይዣታለሁ።

ከ35 እስከ 37 ያሉት ስለ ደመወዝ ናቸው።

ሰኞ ጠዋት ከክፍል በፊት ወረቀቷን አወጣሁ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆሮሶ አለ፣ አምባዛም አለ፤ በእንግሊዝኛው መሐል በላቲን ፊደል ተጽፈዋል። ስለ ቢላውም አለ። ልጁ በደቂቃ ስንቴ ድንጋዩ ላይ እንደሚያፋጨው ቆማ ቆጥራለች። ከዚያ ዓሳው ሲገፈፍ ትርፉን የሚጠብቁት ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎች፣ መጡ። ክንፋቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ራሳቸው ተመልጦ፣ እንደ ዕድር ዳኛ ቆመዋል ትላለች። ያን ጊዜ ሳላነብ ገጹን ሳገላብጥ ዕድር የሚለው ቃል ላይ ዓይኔ ዐርፎ ኖሮ፣ የፊደል ስህተት መስሎኝ በቀይ አስምሬበታለሁ።

ስለ ዓሳ የጻፈ ሌላ ተማሪ እንዳለም ትዝ አለኝ። የክፍሉ አንደኛ ነው፤ እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፣ ከፊት ይቀመጣል። ወረቀቱን አወጣሁ። የሐዋሳ ዓሳ አጥማጆች ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሳልሞን ያወጣሉ ይላል። ዓሳውም ከሐይቁ በሚወጣው ወንዝ ወደ ባሕር ይሄዳል። ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ። በልጅነቴ ጥቁር ውሃ ድልድይ ላይ ቆሜ ድንጋይ የወረወርኩ ሰው ነኝ። ከአንቀጹ አጠገብ በራሴ እጅ፣ በቀይ፣ እጅግ ጥሩ ብዬ ጽፌበታለሁ። 18 ከ20።

ሁለቱንም ለየብቻ ጠራኋቸው። እሷ ደብተር ይዛ መጣች። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ፣ ስድስት ገጽ። ሰርዛ ደልዛ፣ ዳር ላይ ቀስት አውጥታ። መጀመሪያ አባ ኮዳዎቹን ሽማግሌ ብላቸው ነበር፤ ሰርዛ የዕድር ዳኛ አለቻቸው። ከዚያ ለስልኳ ሰጥታ ወደ እንግሊዝኛ አስገለበጠችው። እሱን አሞራ ገደል በስንት ሰዓት እንደሄደ ጠየቅኩት። ሳቀ። አልሄድኩም አለ፤ ሳልሞን ምን እንደሆነም አያውቅም። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው ቲቸር ብሎ ጨመረ፣ ውሸትም አልመሰለኝም።

ይህን ሁሉ 38ኛ አድርጌ ጻፍኩት። 39ኛው የኬሚስትሪው ጋሼ ናቸው። ፋሻው ሲፈታ ሥሩ እውነተኛ ቁስል መኖሩ በሥራ ዘመናቸው አንድም ጊዜ አልገጠማቸውም፤ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ከእርስዎ ወደ አንቺ የወረዱት እዚህ ላይ ነው፤ የእሳቸው አንቺ ግን የአባት አንቺ ናት። 40ኛው አልተስማማም። ትምህርቱ እንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛውን ደግሞ እሷ አልጻፈችውም፤ ዜሮው ይጽና አለ። እውነት አለው። 41ኛዋ አይሲቲ አስተማሪ ናት። እነዚህ ማሽኖች አማርኛን ቃሉን ሰባብረው ነው የሚያነቡት፣ ከእንግሊዝኛ ይልቅ አማርኛ ላይ ይደክማሉ። ዕድርን ሳይተረጉም እንዳለ ማለፉ ከዚያ ሊሆን ይችላል አለች። ይልቅስ ልጅቷ አማርኛዋን ማን ያርምላት ብላ ጠየቀች፤ እኔ አላውቅበትም።

ረቡዕ ሁለቱንም ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ገጽ፣ በእጃቸው። የእሷ ግሱ ተዘበራርቋል፣ ኮማ የሚባል የለም። ዕድር ዳኞቹ ግን እዚያው ቆመዋል። 11 ሰጠኋት። እሱ ስለ አባቱ ሱቅ ጻፈ፣ 12 አገኘ። ሱቁ ውስጥ ያለችውን ሚዛን የገለጸበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ ምነው ያን ጊዜ ስለዚህች በጻፈ ብዬ ተናደድኩ።

ማታ ወደ 3ኛው ተመለስኩ። አራት ቀን ሙሉ ዘልዬዋለሁ። 42ኛ መልሴ ላይ እውነቱን ጻፍኩላት። ከ34ቱ መለያው ውስጥ የከተትኩት አንድ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛዋ ደካማ ስለሆነ። የጎበዞቹን ለመጠርጠር አልታሰበኝም።

43ኛው ከእሷው መጣ። የቀሩት 32 ጽሑፎችስ አለች።

ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው።